የእህቴ አስተርጓሚ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። እህቴን ማንተግቦሽን «እስከ አስራ አንደኛ ፎቅ እንወዳደር፣ የተሸነፈ ሳህን ያጥባል» አልኳት። ሦስተኛው ላይ ቁጭ አለች። ሳህን ፍራቻ መስሎኝ ልስቅ ስል... ከንፈሯ ነጭ ነው።

«አንተ ቀልማዳ፣ ዝም ብለህ እጄን ያዘኝ።»

እጄን ያዘኝ ብላኝ አታውቅም። እጇ በረዶ።

ዓርብ፣ ማርች 7

ሥራ ቦታ ወደቀች። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጭራሽ እነሱ ደግፈው አነሷት። ደም አንሷታል ተባለ። ደሟ የት ሄደ?

«የሴት ነገር ነው፣ አትጠይቅ።»

አልጠየቅኳትም። ጎግልን ጠየቅኩ። ምነው በቀረብኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሯ አስተርጓሚ በስልክ አስመጣች። «እህ እህም... ጤና ይስጥልኝ» ሲል ተያየን። ጋሽ ኃይለማርያም! የቸርቻችን ሰው! ያንን ሳል በየእሁዱ እየቀዳሁ ሰው የማስቅበት እኔ ነኝ። ዛሬ ማን ይሳቅ?

«ደም ስንት ቀን ይፈስዎታል?» ይላሉ፣ እንደማያውቋት።

ማንቴ፦ «ምንም አይፈሰኝም።»

ዶክተሯ የደም ምርመራውን አየች፣ ማንቴን አየች። ግራ ገባት። ማንቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስልኩን ዝጊው በላት። አንተ ተርጉም።»

«እኔ? እንግሊዝኛዬን መኪና ሳጥብ የለቃቀምኩት?»

«እሁድ ዓይናቸውን ማየት አልችልም።»

ዶክተሯ ደስ አላላትም፣ ሌላ ቀን ሴት አስተርጓሚ ላምጣ አለች። ማንቴ እምቢ።

ተረጎምኩ እንግዲህ። «የወር አበባ» ስላት ጆሮዬ ጋለ። ማህፀኗ ውስጥ ማዮማ የሚሉት እባጭ አለ። ካንሰር አይደለም። (ሦስቴ አስደገምኳት።) አንድ በአንድ ቆርጦ ማውጣት አይመችም፣ በዝቷል። ወይ ማህፀኑን ማውጣት... ወይ በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ ደም ስር ውስጥ አስገብቶ፣ እንደ አሸዋ ደቃቅ ነገር ለቆ፣ ማዮማውን የሚመግበውን ደም መዝጋት። ምግብ ሲያጣ ይሟሽሻል።

«ትልቁን ማዮማ ጠገበ ብለን ስም እናውጣለት፣ ሊራብልሽ ነው» አልኳት። አልሳቀችም።

«ከዚያ በኋላ ልጅ እወልዳለሁ ወይ በላት።»

ልጅ እንደምትፈልግ ዛሬ ሰማሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ልጇ እኔ ነበርኩ... ለካ አልበቃኋትም። እንደኔ ያለ ልጅ ለማን ይበቃል?

ዶክተሯ፣ የወለዱ አሉ፣ ቃል ግን አንገባም አለች።

አፌ ላይ «አዎ» መጣ። አንዲት ቃል። ማን ያውቅብኛል? ማንቴ አፍ አፌን ታያለች።

«ቃል አንገባም ትላለች።»

አንገቷን ደፋች። እንደደፋች «ማህፀኔን አላስወጣም። ቱቦው ይሁን በላት።»

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ነገ ነው። በትክክል ተርጉሜላት ይሆን? ያልገባኝን ቃል ዘልዬው ቢሆንስ? የዘለልኩት ቢገድላትስ?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ሙሉ በሙሉ ሳትተኛ ነው የሠሩላት። አልጋዋን እየገፉ ሲያመጧት ብሽሽቷ እንዳይደማ ጉልበቷን እንዳታጥፍ ከልክለዋታል፣ አንሶላውን ነክሳለች። «ሕመሙ የሚጠበቅ ነው» አለች ነርሷ። ሲጠበቅ አያምም እንዴ?

«ቀልድ ንገረኝ» አለችኝ ማንቴ።

ቀን ከሌት የምለፈልፍ ሰውዬ... አንድ አጣሁ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 13

ቤት ነን። ትኩሳት አላት። ሆስፒታል ደወልኩ፤ ያጋጥማል፣ ከጨመረ አምጣት አሉ። ስንት ሲሆን ነው ጨመረ የሚባለው? ደግሜ ደወልኩ። ቴርሞሜትሩን ደበቀችብኝ። «አንተ ነህ የምትገድለኝ» አለች።

እንዲህ አይባልም። ጌታ ሆይ፣ እየቀለደች ነው፣ እንዳትሰማት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ዛሬ የስድስት ወሩ የኤምአርአይ ምርመራ ውጤት። በር ላይ ስንደርስ «ብቻዬን ነው የምገባው» አለች።

«ማን ሊተረጉምልሽ?»

«አፍ የለኝም?»

ውጭ ተቀመጥኩ። ይሄ ይባስ። ምንም አይሰማም። ነርስ በፍጥነት ባለፈች ቁጥር ብድግ እላለሁ... ለእሷ ትሆን?

ወጣች። ወደ ትራሙ ፌርማታ መንገዱን ተሻገረች። ከኋላ ከኋላዋ እኔ።

«ምን አሉሽ?»

«ማዮማው ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ደሜም ሞልቷል።»

«ልጁስ?»

«በራሴ እንግሊዝኛ ጠየቅኳት።»

«እና?»

«ቃል አንገባም።» ዛሬ አንገቷን አልደፋችም። «እኔም ቃል አልጠይቃትም፣ እሞክራለሁ።»

ትራሙ መጣ። ሮጠች። ማንቴ! ሮጣ ገባች። በሩ እኔ ላይ ተዘጋ። መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ምላሷን አወጣችብኝ።