በልቤ አውቀዋለሁ ያልኩት ልክ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሄድሽ ሰባተኛው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽስ፣ ያ የጉልበቷ ነገር ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን ማታለል ድሮም ስለማይሆንልኝ ተውኩት። ደክሞኛል። በሽታ አይደለም፣ እንዳትደነግጪ። ተኝቼ ስነሳም ደክሞኝ ነው፤ የሱቁ መዝጊያ ከበደኝ፣ የማሽኑ ፔዳል ከበደኝ፣ መቀሱ ራሱ ክብደት የጨመረ ይመስለኛል። ሻይ አፍልቼ እረሳውና ቀዝቅዞ እጠጣዋለሁ። ትናንት ካውያውን ሶኬት ላይ ሳልሰካ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጨርቅ ስተኩስ ቆየሁ። አንቺ ብታዪኝ ሳቅሽ አያባራም ነበር።

ልጃችን በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ ለምን አንተ ራስህ አትደውልላትም?" እያለች ትነዘንዘኛለች። ስልክ ላይ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ። "እሺ፣ ደህና፣ በይ እንግዲህ" ብዬ ዘግቼ፣ ያልተናገርኩትን ሁሉ ለማሽኑ ነው የማወራው። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ጽሑፉ ከተንጋደደ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው። ባጠረው እግሩ ሥር አንቺ የምትሸጉጪለት ወረቀት ወጥቶበት እስካሁን እንደተንጋደደ አለ።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ ጠረጴዛ ልነግርሽ አይደለም። ሰሞኑን አንድ ነገር ደርሶብኛል፤ ሳልነግርሽ ብቀር አንጀቴ አይችለውም።

የአሁን ልጃገረዶች የእናቶቻቸውን የድሮ ፎቶ እየያዙ "እንደዚህ ስፋልን" ማለት ጀምረዋል። ወገቡ ጠበቅ፣ ከታች ሽንሽን ብሎ ሰፋ፣ አንገቱ ወደ ትከሻ የተከፈተ። እኛ በተጋባን ሰሞን የለበስሽው ዓይነት ማለት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ሙሽራ ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች። ሙሽራዋ ራሷ ረጅምና ቀጭን ናት። አንዷ ጓደኛዋ አጭርና ደረተ ሙሉ፤ ሌላዋ ዋናተኛ ስለሆነች ትከሻዋ የወንድ ትከሻ ያስንቃል። አክስቷ ደግሞ ከላይ ቀጠን ብላ ዳሌዋ ሰፋ ያለ ነው። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "ጋሼ፣ አራታችንም አንድ ዓይነት ነው የምንፈልገው" አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ "ልጄ፣ ይሄን ልብስ አንቺ ሳትወለጂ ነው የሰፋሁት" አልኳት።

ለካኋቸው። ለወጉ ያህል ነው የለካሁት። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁና፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ያንን ያንቺን የልክ ካርቶን አወረድኩ። የሠርጋችን ጊዜ ለክቼሽ የቆረጥኩት፣ ጠርዙ ተልጦ በፕላስተር የታሸገው። እሱን ጨርቅ ላይ አስተኝቼ፣ ሞላ ላለችው ከጎን ጨመር፣ ለቀጭኗ ከጎን ቀነስ አድርጌ አራቱንም በሁለት ቀን ቆረጥኩ። ምን ልደብቅሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት እንደዚሁ ነው። "ሥራው ጥሩ ነው ግን..." ብለው ሳይጨርሱት የሚወጡ፣ ከዚያም የማይመለሱ ደንበኞች ነበሩ። እኔ ምቀኛ አድርጌ እቆጥራቸው ነበር።

ሊሞክሩ የመጡ ቀን ጉድ ፈላ። የሙሽራዋ ወገብ ጡቷ ሥር ወጥቶ ቀረ። የዋናተኛዋ ትከሻ አልገባም አለ። አጭሯ ሽንሽኑ ውስጥ ሰጥማ ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። ሦስቱ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። አክስትየዋ ግን አልሳቀችም። መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመችና ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ልብሱ ቆንጆ ነው። ግን የኔ አይደለም። የሌላ ሴት ልብስ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ" አለችኝ።

ውሃ ሆንኩ። "ይስተካከላል፣ ይስተካከላል" እያልኩ መርፌ ቁልፉን ከአፌ አወጣሁ። ሲሄዱ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሲያይ ነበረና፣ አራቱን ቀሚሶች ተራ በተራ ተመልክቶ፣ "ሰውዬ፣ ሚስትህ ብትናፍቅህ ከተማውን ሁሉ እሷን ታስመስለዋለህ እንዴ?" አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ካርቶኑን አንስቼ ቀሚሶቹ ላይ ለካሁት።

ልክ ነው። ከትከሻ እስከ ወገብ አጠር ማለቱ አንቺ ነሽ። የትከሻው ጠበብ ማለት አንቺ ነሽ። የሴቱን ሁሉ ልብስ ባንቺ ልክ ስቆርጥ ኖሬያለሁ።

በማግስቱ፣ ያንን ስፌት ድሮ እንዴት አድርጌ አሳምሬው እንደነበር ለማየት ሰማያዊውን ቀሚስሽን ከሳጥኑ አወጣሁ። ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን፣ በተጋባን ዓመት የሰፋሁልሽን፣ ስትሄጂ ትተሽው የሄድሽውን። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ የጎኑን ስፌት በምላጭ ፈታሁት።

መጀመሪያ ክሩ ገረመኝ። የኔ ክር አይደለም። የማሽን ስፌትም አይደለም፤ የእጅ ነው፣ ጥቃቅን፣ እኩል እኩል የሆነ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቼ ሳየው የመርፌ ቀዳዳ ተሰልፏል። የኔ የማሽን መስመር አንድ አለ። ከሱ ወደ ውጭ አንድ ጣት ወጣ ብሎ ሌላ መስመር። ከዚያ ደግሞ ሌላ፣ ጨርቁ ሊያልቅ አንድ ክር ሲቀረው። ያሰፋሽው ልጃችንን የወለድሽ ጊዜ ነው። ከዚያ መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ። የኔን መስመር አልፎ፣ ሁለት ጣት ሙሉ ወደ ውስጥ። የመጀመሪያው ሳይበቃሽ እንደገና ያጠበብሽበት ሌላ መስመር ከሥሩ አለ።

ያ የትኛው ዓመት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። ሁለተኛው ልጃችን ሳይወለድ የቀረበት ዓመት ነው። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለብኝ ብዬ ሱቅ ገባሁ። ያኔ ምን ያህል እንደከሳሽ አላየሁም። የምለውን አጥቼ ነው እንዳልል እንኳ፣ ስናገር የነበረውን በደንብ አስታውሳለሁ። ይሄንኑ ቀሚስ ለብሰሽ ሱቅ ስትመጪ ደንበኞች ፊት አቁሜሽ፣ "አያችሁ የሚስቴን ልክ? ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንድ ጣት አልተለወጠም። የኔ እጅ አይስትም!" እል ነበር። አንቺም አብረሻቸው ትስቂ ነበር።

እኔ ቁልፍና ክር ልገዛ በወጣሁ ቁጥር ነው አይደል የምትሰፊው? ማሽኑን እንዳልሰማ በእጅሽ። ጥሩውን ክር እንኳ አልነካሽም፤ ከወዳደቀው ቁርጥራጭ እየቀጠልሽ። ሌሎቹንም ሁለት ቀሚሶችሽን ፈትቼ አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ነው። ስታጠብቢ ስታሰፊ ኖረሽ፣ እኔ ደግሞ በሥራሽ ስኮራ ኖርኩ።

የሄድሽ ቀን "የከተማውን ሴት ሁሉ ለክተሃል፣ እኔን ግን ከሠርጋችን ወዲህ አንድ ቀን ለክተኸኝ ታውቃለህ?" አልሽኝ። እኔ ጅሉ ቀሚስ ያማረሽ መስሎኝ፣ "አንቺን ምን ያስለካል፣ በልቤ አውቅሻለሁ" አልኩ። አንቺም ሻንጣሽን አወረድሽ። ስድስት ወር ሙሉ ለፀጉር አስተካካዩ "በአንድ ቀሚስ የተነሳ ትዳር ይፈታል?" እያልኩ ሳማርር ነበር። አሁን አፍሬያለሁ። ካንቺ ፊት ብሆን ቀና ብዬ አላይሽም።

የሙሽራዋን ነገር ልጨርስልሽ። አራቱንም እንደገና ጠርቼ እንደገና ለካሁ። የዚህን ጊዜ ከልቤ ነው፤ አንዷን ሴት ለመለካት ያን ያህል ሰዓት ፈጅቼ አላውቅም። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ካርቶን ቆረጥኩ። ለሙሽራዋ ወገቡን ወደ ቦታው አወረድኩና ሰፋ ያለ ቀበቶ አደረግኩበት። ለአጭሯ ሽንሽኑን ቀንሼ ከጉልበቷ አሳጠርኩት፣ አንገቱን ወደ ታች ሾል አደረግኩት፤ ስትለብሰው ቁመቷ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለ። ለዋናተኛዋ አንገቱን ከጎን ሰብስቤ ከታች ሽንሽኑን አበዛሁላት፣ ትከሻዋና ሽንሽኑ ተመጣጠኑ። አክስትየዋን "እህቴ፣ ዳሌሽን ልሸፍንልሽ ወይስ እንዲታይ ትፈልጊያለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ብዬ ሴት ጠይቄ አላውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምወስነው። ትንሽ አሰበችና "ለምን ይሸፈናል? ከላይ ብቻ ትንሽ ሙላልኝ" አለች። ደረቷ ላይ ሽንሽን ጨመርኩ፣ ክንዱን ነፋ አደረግኩት፣ ዳሌውን እንዳለ ተውኩት። ለብሳው ወደ ጎን ዞራ አየች፣ ወደ ፊት ዞራ አየች፣ ከዚያ ሳታወልቀው ወደ ቤቷ ሄደች።

እኔም እነሱ ከሄዱ በኋላ የልኬት ደብተሬን ከፈትኩ። ታውቂዋለሽ፣ ጥቁር ሽፋን ያለው፤ ስንቱ ሴት ሞቶ ስንቱ አግብቶ የሄደበት። ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። አንቺ የለሽበትም። ቄጠማ ሻጯ ጎረቤታችን እንኳ ሦስት ገጽ አላት፣ አንቺ አንድም የለሽም። አዲስ ገጽ አወጣሁና ከላይ "ባለቤቴ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት ብዬ ደረደርኩ። በልቤ አውቀዋለሁ ያልኩ ሰውዬ አይደለሁ? እርሳሴን ይዤ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሦስት ሰው አስተካክሎ እስኪሸኝ ድረስ ቁጭ አልኩ። አንድም ቁጥር መጻፍ አልቻልኩም። የካርቶኑን ቁጥር ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ እነግርሻለሁ። ያንቺን አላውቀውም።

ገጹን ከደብተሩ ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ቀለሙን አልነግርሽም፣ አልቆረጥኩትምም። ተመለሽ አልልሽም። ማለት ስለማልፈልግ አይደለም፣ በየቀኑ እፈልጋለሁ፣ ግን ያንን የመጠየቅ መብቱ ያለኝ አልመሰለኝም። እህትሽ ትለካሽና ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪልኝ። እንዳለ እሰፋዋለሁ፣ የምጨምረው የምቀንሰው የለም፣ አንቺ ካላልሽኝ በስተቀር የምሸፍነውም የለም። ወይም ደግሞ ና ካልሽኝ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ። ደጅ ላይም ቢሆን እንደቆምሽ ልለካሽና፣ ሻይም ሳልጠጣ በመጣሁበት እመለሳለሁ።

ሌላ አልመኝልሽም፣ ጤናሽን ብቻ። ፈጣሪ ያቺን ከኔ ተደብቃ ስትሰፋ የኖረች እጅሽን ይጠብቅልኝ፣ እህትሽን በጉልበቷ ያቁማት፣ ለሁለታችሁም የማይጎረብጥ እንቅልፍ ይስጣችሁ።

"አንተ ሰውዬ" የምትዪኝ፣
ልብስ ሰፊው ባልሽ

የረሳሁት፦ ሰማያዊው ቀሚስ እንደተፈታ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ውሃ ረጨት አድርገው ሲተኩሱት ይጠፋል፣ ይሄን አንቺም ታውቂያለሽ። አልተኮስኩትም። እንዳለ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።