በጫልቱ ፍሪጅ ያስቀመጥኩት መድኃኒት

ሰኞ

ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጎረቤቴን ጫልቱን ዋሸኋት። ያሳፈረኝ መዋሸቴ ብቻ ሳይሆን ቅልጥፍናዬም ነው። የመድኃኒቴን ካርቶን እያገላበጠች “ምንድን ነው ይሄ?” ስትለኝ “የስኳር መድኃኒት” አልኳት፤ አንዴ እንኳ አልተንተባተብኩም። እሷም ከሱቋ ፍሪጅ ውስጥ ለስላሳውን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

እውነቱ የማሕፀን እንቁልጢ ካንሰር ነው። ኦፕራሲዮን ተደርጌ፣ መድኃኒት ወስጄ፣ ድኛለሁ ስል ተመለሰ። አሁን የታዘዘልኝ አዲስ ዓይነት ነው። ሐኪሜ እንዳስረዳኝ፣ መድኃኒቱ በዓይን በማይታዩ፣ ናኖ በሚሏቸው ኢምንት የስብ ከረጢቶች ተጠቅልሏል። የዕጢው ደም ሥሮች ሽንቁር ስለሚበዛቸው ከረጢቶቹ እዚያ ሲደርሱ ሾልከው ይገባሉ፤ ልቤንም እንደ ድሮው ዓይነት አይጎዱትም። ግን ሙቀት አይወዱም፣ በረዶ መሆንም አይወዱም። “ከኔ የባሰ ሞልቃቃ ናቸው” ስለው ሳቀ።

የአዲስ አበባው ፋርማሲ “እስከ ሐሙስ ሊያልቅብን ይችላል” ስላለኝ ዛሬውኑ ገዝቼ፣ በበረዶ ከብቤ ሱሉልታ ይዤው መጣሁ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ ሁለተኛው ዙር። የተከራየሁት ክፍል ፍሪጅ የለውም።

ለምን ዋሸሁ? በመጽሔት የሰው ወሬ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ወሬ በየት በኩል እንደሚሄድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። “ካንሰር” ብል ነገ ከንፈር የሚመጥልኝ እንጂ የሚያዋራኝ አላገኝም።

ጫልቱ ግን ደስ አላት። “አማቴም ስኳር አለባቸው፤ ኦቦ ደበላ ጓደኛ አገኙ በይኛ” አለች።

ማክሰኞ

መንገድ ተዘጋ። ጠዋት ተማሪዎቹ “የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ይቅር” እያሉ ወጡ፤ ከረፋዱ ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ወደ ጫንጮ በኩል ተኩስ ሰማሁ። ሱቆች ሁሉ ዘጉ፤ መድኃኒቴም ጫልቱ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎበት ዋለ።

ዛሬ የደወሉልኝ፦ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ አንዴ። “ጽሑፉስ?” ነው ያለኝ። እንዴት ነሽ አላለም። ስለ ጉርብትና ጽፌ ላክሁለት፤ ጥሩ ነው አለ።

እጄና እግሬ ከመጀመሪያው ዙር ወዲህ ይቃጠላል፤ መዳፌ ተላልጧል። ሙቅ ውኃ ስለተከለከልኩ በሱሉልታ ብርድ በቀዝቃዛ ታጠብኩ። ከግድግዳው ወዲያ የነጫልቱ ልጆች ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ማን ማንን እንደመታ ሁሉ አውቃለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም።

ሐሙስ ካለፈኝስ?

ረቡዕ

መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ልጻፈው።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጫልቱ ናት፤ ካርቶኗን ይዛለች። “አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ” ብላ መልሴን እንኳ አልጠበቀችም። “አማቴ መድኃኒታቸው ካለቀባቸው ሁለት ቀናቸው። ያስመልሳቸዋል፣ ውኃ ውኃ ይላሉ። አንድ ቀን ብቻ አበድሪን እህቴ። ልወጋቸው ካርቶኑን ከፍቼ ሳየው ግን ቀይ ሆነብኝ። የሳቸው ቀይ አይደለም። ልጠይቅሽ ብዬ መጣሁ።”

ካርቶኗን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ቀይ ባይሆን ኖሮስ?

“ጫልቱ፣ ስኳር የለብኝም” አልኳት። “ካንሰር ነው። ማሕፀኔ አጠገብ። እሳቸው ቢወጉት ይጎዳቸዋል።”

ኧረ ምነው በጮኸችብኝ። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ሰኞ ዕለት ባሏ ቶሎሳ፣ የወተት መኪና ሹፌር ነው፣ ለአባቱ መድኃኒት ሊገዛ ከተማ ሊገባ ነበር። “ተወው፣ ጎረቤታችን ዘንድ አለ፤ ሲያልቅ እንበደራለን” ብላ ያስቀረችው እሷ ናት። መንገዱ ሰኞ ክፍት ነበር።

“ለኔ ብትነግሪኝ ምን ትሆኚ ነበር?” አለችኝ። አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ “ተነሽ፣ ልቅሶው ይቆየን” አለች። ለካ ይህ ሁሉ ሲሆን ካርቶኗ ጠረጴዛው ላይ ናት። ስንት ደቂቃ እንደቆየች እንጃ። ጫልቱ ሮጣ ፍሪጅ መለሰቻት።

ጤና ጣቢያው ለኦቦ ደበላ ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ ሰጥቶ፣ “ኢንሱሊን የለንም፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷቸው” አለ። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ሄዷል። ቶሎሳ “ሲነጋጋ በኔ መኪና እንሞክራለን” አለ። እኔን ሳያየኝ “አንቺም ተዘጋጂ” አለኝ።

ሐሙስ

ከሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ንጋት ላይ ወጣን። ኦቦ ደበላ ጋቢና ውስጥ ጫልቱ ላይ ተደግፈው፣ እኔ ከጎናቸው፣ መድኃኒቱ በበረዶ ተከቦ ጭኔ ላይ። ወጣቶቹ ድንጋዩ ጋ አስቆሙን። ቶሎሳ ከመኪናው ወርዶ እርጥብ ሣር ነቅሎ ጨበጠ። እዚህ አገር ሣር ይዞ ለሚመጣ ሰላም ፈላጊ ዱላ አይነሣበትም። በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ቆዩ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። “እሷስ?” አለ በአማርኛ።

ጫልቱ ቀደመችኝ። “የኛ ናት። እሷም ታማለች።”

ድንጋዩን እያነሱ አሳለፉን። ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ ኦቦ ደበላ በየመሃሉ ይቃትታሉ። እኔ በልቤ “አንቱ ካልተረፉ እኔ በምን ፊቴ እተርፋለሁ” እላለሁ።

እሳቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ኢንሱሊን ተጀምሮላቸዋል፤ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። የኔን ካርቶን ነርሷ ተቀብላ “ከፍሪጅ ውጪ ቆይቷል?” ስትለኝ “አዎ፣ ጠረጴዛ ላይ” አልኳት፤ የደቂቃውን ግን አላወቅሁም። ፋርማሲስቱ አይቶ ይወስናል ተብሏል። ካልሆነ ሌላ ካለ ይፈለጋል። ካለ።

ቅጹን ስሞላ “አስታማሚ” የሚለው መስመር ላይ ደረስኩ። ባለፈው ዙር ባዶውን ነው የመለስኩት። ጫልቱ ከድንገተኛ ክፍል በር መጥታ ከትከሻዬ በላይ ስታነብ ነበር። “ጻፊ እንጂ፣ ጫልቱ በይ” አለች። አሁንም ተቆጥታለች፤ ድምጿ ያስታውቃል። ስልኳን እየነገረችኝ ጻፍኩ፣ ተመልሳ ወደ አማቷ ሄደች።

ኦቦ ደበላ ነቅተው እንደሆነ፣ መድኃኒቱም የሚሰጠኝ ይሁን አይሁን፣ እንደሰማሁ ከዚህ መስመር በታች አሰፍረዋለሁ። አሁን ነርሷ ስሜን እየጠራች ነው።