ለእኔ አፍ ብቻ የተሠራው የሌላ ሰው ሽቦ

ጁባ፣ ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

በካቶር ለሚገኘው የጥርስ ክሊኒክ ዋና ሥራ አስኪያጅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ ጥርስዎንም በየቦታው እንዳለ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኔ ጉምቦ ገበያ ላይ ሳሙናና ዘይት በጅምላ የምሸጠው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሳቅሁ ቁጥር አፌን በመዳፌ የምሸፍነው ሐቢብ ነኝ። ከተማችንን ካመሳት ከአምናው የታኅሣሥ ተኩስ በኋላ ሌላው ነፍሱ በመትረፏ ሲያመሰግን፣ እኔ ስለ ጥርሴ አቀማመጥ መጨነቄን አልክድም። በመጪው ወር ከሰሚሃ ጋር ኒካህ አስራለሁ፤ ምኞቴም ለዚያች ቀን እጄን ከአፌ አውርጄ መሳቅ ብቻ ነበር።

አንደኛ፣ ክሊኒክዎ ጥርሴን በካሜራ አንሥቶ በኮምፒውተር ስላሳየኝ፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦውንም ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ለእኔ አፍ ብቻ ለክቶ እንደሚያጥፈው ስላስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህንኑ ለገበያው ሁሉ አውርቻለሁ። አራት ወር መንጋጋዬን ይዤ ስቃትት እንኳ፣ ዘመናዊ ነገር ሳያም አይሠራም እያልኩ ሌላውን አስተምር ነበር።

ሁለተኛ፣ ቅጽዎ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ያለን የራስና የአባት ስም ነው። አዋቂ ልምሰል ብዬ የአባቴን ስም ኢክራማን ከፊት፣ የራሴን ከኋላ ጻፍኩ። ሎሎጎ ሰፈር የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ ደግሞ፣ ስሙ በእርግጥ ኢክራማ ሐቢብ የሆነ፣ ቅጹን ሳያነብ እንደ ወጋችን ስሙን ከነአባቱ ጽፏል። ባለፈው ሳምንት እንግዳ ተቀባይዋ ይህን ስም ስትጠራ ሁለት ሰዎች መንጋጋችንን ይዘን ተነሣን። ለካ የእሱ ሽቦ በእኔ አፍ፣ የእኔም በእሱ አፍ ከርሞ፣ የፊት ጥርሶቼ እሱን ለመምሰል ጉዞ ጀምረዋል። ልጅቷም «ማሌሽ»፣ ምንም አይደል ብላ ፈገግ አለችልን፤ ጥርሷ በጣም ያምራል።

ሦስተኛውን ቅሬታ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ጥፋተኛው እኔው ሆኜ ስለተገኘሁ።

ከመዳፉ ጀርባ ሆኖ የማያልቅ አክብሮቱን የሚያቀርበው፣
ትሑት ደንበኛዎ
ሐቢብ፣ የራስ ስም፤ ኢክራማ፣ የአባት ስም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገሩን ለሰሚሃ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አዘነች፤ ከመነሻውም የወደደችው የድሮውን ጥርሴን ኖሯል። አፍሬ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የዚያ ጥርስ ሥዕል ኮምፒውተርዎ ውስጥ እንዳለ ስለነገሩኝ፣ ወደ ነበርኩበት የሚመልሰኝ ሽቦ በማሽኑ እንዲታዘዝልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቅጹን ግን ሰሚሃ ትሙላው።