መምህርት ዶው ያስቆሙት ፉዚ

ሐምሌ 18
የጂያንግዮው ከተማ ሙቀት አያስተኛም። ቁርሴን የሩዝ ኑድል በበርበሬ በልቼ፣ አፌ እየነደደ መድኃኒት ፋብሪካው ላቦራቶሪ ገባሁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ መምህርት ዶው በርበሬው ገና ከበር ሸተታቸው። "ትንሿ ሊን፣ በዚህ ምላስሽ ዛሬ ምንም አትቀምሺም" አሉኝ።

ልክ ናቸው። በርበሬ የበላ ምላስ ፉዚ የምንለውን የመድኃኒት ሥር አይለይም። ሥሩ ጥሬውን ልብ ያቆማል፤ በደንብ ከበሰለ ደግሞ ለደከመ ልብ መድኃኒት ነው። መምህርት ዶው ጥፍር የምታክል ቁራጭ አኝከው ቆዩ... ተፉ። ምላስ ካልደነዘዘ በስሏል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በመመርመሪያ ማሽኑ አየሁት። ማሽኑ መርዙን ለብቻው ለይቶ ግራፍ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ያወጣዋል። የዛሬዋ ትንሽ ጉብታ ብቻ ነበረች።

የእሳቸው ምላስና የእኔ ማሽን ሲስማሙ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ። ፉዚው ከነገ ወዲያ ቼንግዱ ላለው ሆስፒታል ይጫናል።

ሐምሌ 19
ሁላችንም አጎቴ የምንላቸው ቺዩ መጡ። ፉዚውን በእንፋሎት የሚቀቅሉት እሳቸው ናቸው። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆሙ።

"መምህርት... ይሄን ፉዚ ስቀቅል፣ በዚያ ኃይለኛ ዝናብ ጊዜ መብራት ሄዶብኝ ነበር። በውስጥ ባለው እንፋሎት ይበስላል ብዬ ዝም አልኩ። ግን ልቤ አልረጋልኝም።"

ዛሬ ነው የሚነገረው? ንድድ አልኩ። አፌን ስከፍት መምህርት ዶው ተነሥተው ወንበራቸውን ሰጧቸው።

"እንኳን ነገሩኝ። ባይነግሩኝ በምን አውቅ ነበር?"

ሰውየው ከእፍረታቸው የተነሣ ቀና ማለት አቅቷቸው ነበር የመጡት። ቀና ብለው ወጡ። እኔ ብሆን እጮህባቸው ነበር... ከዚያ ወዲያ ማን ይነግረን ነበር?

ደንቡ እንደሚለው ናሙና የወሰድነው ከጥቂት ጆንያዎች ብቻ ነው። አሁን ሁሉም ይከፈት አሉ መምህርት ዶው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች።

ሐምሌ 20
ተገኘ። አብዛኛው ደህና ነው። ጥግ ላይ በተደረደሩት ጆንያዎች ግን የመርዙ ጫፍ ከተፈቀደው ገደብ በላይ ወጣ። መምህርት ዶው ቀምሰው ወዲያው ተፉት። ተጉመጠመጡ። ከዚያ በኋላም የደነዘዘ ከንፈራቸውን ሲነካኩ ቆዩ።

የፋብሪካው ባለቤት አለቃ ፓንግ ተጠሩ። የጭነት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል።

"ከደህናው ጋር ቀላቅሉታ። ያኔ ከገደቡ በታች ይሆናል። ማሽናችሁም ያሳልፈዋል።"

"ማሽኑስ ያሳልፈዋል" አሉ መምህርት ዶው። "ግን ይሄ ቁርጥራጭ እንጂ ዱቄት አይደለም። አንዱ በሽተኛ ቀቅሎ በሚጠጣበት ማሰሮ ውስጥ መጥፎው ብቻ ቢገባስ?"

"እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ቢሆንስ፣ ቢሆንስ!"

"የቀጠሩኝ ለእሱ መስሎኝ።"

ፓንግ ወደ እኔ ዞሩ። "ትንሿ ሊን፣ የመላኪያውን ወረቀት አንቺም መፈረም ትችያለሽ። የእሳቸው ወንበር ደግሞ ከእሳቸው ጋር አልተወለደም። እስከ ነገ አስቢበት።"

ወጡ። መምህርት ዶው ብልቃጦቹን ማጠብ ጀመሩ።

ሐምሌ 21
ጠዋት አላስቻለኝም። "ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

"ግራፉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምን እጨምርልሻለሁ?"

ሊለምኑኝ ይችሉ ነበር። ሊቆጡኝም። ሥራቸው በእኔ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ውሳኔውን ለእኔው ተዉልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ፓንግ ቢሮ ገባሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "አልፈርምም" ብቻ አልኩ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "ውጪ" አሉ።

ስመለስ መምህርት ዶው የሆስፒታሉን መድኃኒት ክፍል ኃላፊ በስልክ እያነጋገሩ ነው። እውነቱን፣ ሳያለባብሱ። "መብራት ጠፍቶብን ያልበሰለ አለ። ደህናውን ዛሬ እንልካለን። የቀረው እንደገና በስሎና ተመርምሮ ይመጣል።" ከዚያ አመስግነው ዘጉ።

"ምን አሉ?"

"እንጠብቃለን አሉ።"

ከዚያ በኋላ ነው የዘጉትን ስልክ ገና አጥብቀው እንደያዙ ያየሁት። ለካ እሳቸውም ይፈራሉ?

ሐምሌ 24
አጎቴ ቺዩ እንደገና ቀቀሉት። ከምድጃው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም፤ ምሳቸውንም እዚያው በሉ። እያንዳንዱን ጆንያ አየን። ንጹሕ።

ፓንግ ሰላም አይሉንም። መምህርት ዶው ግን ባገኟቸው ቁጥር እንደ ወትሮው "እንደምን አደሩ" ይሏቸዋል። እኔ አልቻልኩበትም።

ነሐሴ 3
ፓንግ ዛሬ ላቦራቶሪ ገቡ። ሁልጊዜ በር ላይ ቆመው ነው የሚያዙን። ዛሬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እስቲ ያንን ግራፍ አሳዩኝ።"

መምህርት ዶውን አየኋቸው። ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ።

እኔው አስረዳሁ። ይሄ የደህናው፣ ይሄ የጥጉ ጆንያ፣ ይሄ ጫፍ መርዙ። በእሳቸው ፊት ድምፄ እንዲህ ረግቶ አያውቅም። ፓንግ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

"ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ይሄ ጫፍ ይታይ ነበር?"

"ያጥር ነበር። ከገደቡ በታች።"

"ታዲያ ማን ያውቅ ነበር?"

"የጠጣው ሰው" አልኩ።

ተቆጥተው የሚነሡ መስሎኝ ነበር። አልተነሡም። ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉና፣ "ሌላውንም አሳዪኝ" አሉ።