ፖስተሩ ላይ የጻፍኩት 2001

ሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2003

ዛሬ ጠዋት ብሌንን ትምህርት ቤት ላደርስ ስጣደፍ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ልጄ ከኋላ ሆና "አባዬ፣ ዊ ሃቭ ኤ ፕሮብሌም" አለች። የሂሳብ ትምህርት ፖስተሯን ገልጣ እያየች ነው። የፊጂ ዶላር በሳሞአ ገንዘብ፣ በታላ፣ ሲመነዘር በየዓመቱ ስንት እንደነበረ የሚያሳይ ግራፍ ነው። የወረደውን ግሬዷን የሚያነሳላት ይሄ ብቻ ነበር። መስመሩን እሷ ሠራች፣ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ጽሑፉን እኔ ጻፍኩ።

"ፊጂ የገንዘቧን ዋጋ ዝቅ ያደረገችው በ2009 ነው። አንተ 2001 ብለሃል።"

ለካ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ዓመቱን የሚያመለክተው ቀስትም መስመሩ ምንም ያልሆነበት ቦታ ላይ ተሰክቷል። ትናንት ስፔሊንጉን፣ ቀለሙን፣ ስሟን፣ ሁሉንም በሊስት ቼክ አድርጌ ነበር። ዓመቱ ሊስቱ ላይ አልነበረም። ማርከርም አልያዝንም። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ።

ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ እየሳቀች መኪና ውስጥ ገባች። ቀስቱን በእስክሪብቶ ወደ 2009 አዙራ፣ ለክፍሉ "የአባቴ ካላንደር ነው፣ እሱ ጋ ገና 2003 ነው" ብላ አስረድታለች። ቲቸሯ ኤ ማይነስ ሰጠቻት።

"ማይነሱ ያንተ ነው" አለችኝ።

ለባለቤቴ ለአልማዝ ግን ትናንት "አንድ ስህተት ከተገኘበት የሳምንት ዕቃ አጥባለሁ" ብያት ነበር። እስካሁን አንድ ሰሃን አላጠብኩም።