ገጽ አሥራ አራትን አርሚው

ይድረስ ለድሮ ባልደረባዬ፣

ሰላምታዬ ወፍራሙን ምንጣፍሽን ተሻግሮ፣ ጸሐፊሽንም አስፈቅዶ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? እዚህ ሳለን በዚያ አንድ እግሩ አጭር ወንበር ምክንያት ስታማርሪ ነበር የምትውዪው፤ አሁን የሚሽከረከር ተሰጥቷታል ሲሉኝ እሰይ፣ ወገቧ ተገላገለ አልኩ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ታላቋ ተዳረች ሲባል ሰማሁ፤ ባትጠሪኝም ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ይለኛል እንጂ ምላሴ፣ ተመስገን፣ እንደ ድሮው ነው፤ አሁን ታይዋለሽ።

ባለፈው ወር የቤት ለቤት ጎብኚዎችን ሁሉ ለሥልጠና ጠሩን። ከአዳራሹ በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ “የሕፃናት ማኅበራዊ ጥበቃ ፕሮግራሞች የዕውቀት ሽግግርና የምርጥ ተሞክሮ ልውውጥ መድረክ” ይላል። አንብቤ ስጨርስ የሻይ ዕረፍት ደርሶ ነበር። ደረታችን ላይ ስማችንን ለጠፉልን፤ ሃያ ዓመት አብረን የሠራን ሰዎች እንዳንጠፋፋ ይሆናል። ከዚያ አሠልጣኙ፣ ያ ጫማው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳየው፣ ማነቃቂያ ነው ብሎ አስነሳንና እንደ ዝናብ አጨብጭቡ አለን። መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ከዚያ በመዳፍ። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁት ሴትዮ ቆሜ ዘነብኩ። ጉድ እኮ ነው!

ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ስቄ እተወው ነበር። ቀጥለው ግን መጽሐፍሽን አደሉን። ሽፋኑ ላይ ልጆች ይስቃሉ። ገልበጥ ሳደርገው ስምሽ ከላይ፣ በደማቁ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና። ሁለት ገጽ እንዳነበብኩ አወቅሁት። የኛ ደብተር ነው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በሩን ዘግተን የምንጽፍበትን ደብተር ረሳሁት እንዳትዪኝ። በግራ በኩል በሳምንቱ ያደረግነውን በሰማያዊ፣ በቀኝ በኩል በዚያ ሰበብ የመጣውን ጣጣና መድኃኒቱን በቀይ። ሐሳቡ ያንቺ ነበር፤ ሐቅሽን አልክድም። ሰው የተሳካለትን ለአገር ይለፍፋል፣ የሳተውን ግን ይዞት ይቀበራል፤ እኛ የሳትነውን ጽፈን ለሚተኩን እናስረክብ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ቀን ወድጄሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕውቀት ማካፈል ስንት ሰው በስንት ማርከር ሲጽፍ አይቻለሁ፤ አንዱም እዚያ ደረጃ አልደረሰም።

ስትዛወሪ አለቆች ይዩት ብለሽ ይዘሽው ሄድሽ። አለቆችም አዩት። አይተውም ቀማመሩት፤ “የተሞክሮ ቅመራ” ነው አይደል የምትሉት? እኔ የማውቀው ቅመራ ነገሩን ያጣፍጠዋል፤ የናንተ አሰንፎታል። ግራውን ወሰዳችሁ፣ ቀኙን ጣላችሁ። ቀይ ለዓይን አያምርም ተብሎ ይሆናል፣ እንጃ። እንግዲህ እኛ የሳትነው ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ “ምርጥ ተሞክሮ” ሆኖ ታትሟል። አሠልጣኙ በስላይድ እያሳየ ስህተታችንን ሲያስተምር እኔ የኋላው ወንበር ላይ ላቤ ይንቆረቆራል። ታይፒስቷ ናት ያበላሸችው እንዳትዪኝ። ከፊት ለፊቱ አንድ ገጽ ሙሉ መግቢያ ጽፈሻል፤ መግቢያ የጻፈ ሰው ውስጡን ሳያይ ቀረ ብሎ የሚያምንሽ ካለ እሱም አለቃ መሆን አለበት።

ገጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ “ሕፃኑን አሳዳጊው ባለበት ጠይቁ፤ ይህም የቤተሰቡን እምነት ያጠናክራል።” የመጀመሪያው የኛ ሰማያዊ ነው። እምነት ያጠናክራል የሚለውን ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ከየት እንዳመጣሽው አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ዘንድሮ የተቀጠረች ጎበዝ ልጅ አለችን። መጽሐፍሽን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች። ማክሰኞ ዕለት አብሬያት ወጣሁ። ከጋራዡ ጀርባ፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከአጎቷ ሚስት ጋር የምትኖርበት ቤት ገባን። በዚያ ሙቀት ልጅቷ እጅጌዋ እስከ ጣቷ ድረስ የወረደ ሹራብ ለብሳለች። አዲሷ ሠራተኛችን ሴትዮዋን ከፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ፈገግ ብላ፣ እዚህ ቤት የሚመታሽ ሰው አለ ወይ ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ መጀመሪያ የሴትዮዋን ፊት አየች። ከዚያ የለም አለች። የኛዋ ፎርሙ ላይ ምልክት አደረገችና፣ እንደ መመሪያው ሠራሁ አይደል በሚል ዓይን ዞራ አየችኝ። እሷ ላይ አልፈርድም፤ የተማረችውን ነው የሠራችው። እኔ ግን ውሃ ጠማኝ ብዬ ተነሳሁ፤ የግቢው ቧንቧ የት እንደሆነ ይቺ ታሳየኝ አልኩ። ቧንቧው ጋ ስንደርስ ምንም ሳልጠይቃት እጅጌዋን ራሷ ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። ያየሁትን አልጽፍልሽም። ሐሙስ ከዚያ ቤት አውጥተናታል፤ አያቷ ጋ ናት። ይቺኛዋ ተረፈች።

መጽሐፍሽ ግን አርባ ቢሮ ደርሷል። በየቢሮው እንደኛዋ ያሉ ጎበዞች፣ በየቤቱ የአሳዳጊውን ፊት አይተው የለም የሚሉ ልጆች አሉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ይታተማል አሉ። ስለዚህ ያንን ገጽ አርሚው። የገባሽን አርሚ ብዬ አልለምንሽም፤ እንደገባሽማ አውቃለሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንጂ።

ምክንያቱም ድንቢጥን አትረሻትም። ከትንሽነቷ የተነሳ ድንቢጥ ያልናት አንቺ ነሽ። ከቀብሯ በተመለስን ዓርብ ነው ያንን ገጽ በቀይ የሞላነው። እኔና አንቺ አርጅተናል፣ ታላቋ ልጅሽ ተድራለች፤ እሷ እስካሁንም ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ይኸውልሽ፣ ስድብሽን ጨረስኩ። የቀረው የራሴ ነው፤ ስድስት ዓመት ሳልጽፍልሽ የቀረሁትም ኩርፊያ ብቻ አልነበረም።

በቀዩ በኩል የጻፍነው በኔ እጅ ነው፤ “አሳዳጊዋ ፊት ስለጠየቅናት እውነቱን ሳናውቅ ቀረን” ይላል። አንቺ ሳታውቂ ቀርተሻል። ድንቢጥን የጠየቅናት ቀን ከቤቱ እንደወጣን አንቺ ወደ ታክሲው ቀደም ብለሽ ነበር፤ ገና ሦስት ቤት ስለቀረን ትቸኩያለሽ። ድንቢጥ እየሮጠች መንገድ ላይ ደረሰችብኝና ቀሚሴን ያዘችኝ። ማንም አብሯት የለም። አሁን ጠይቂኝ አለችኝ።

ታክሲው ጥሩምባ ይነፋል። አንቺም ከውስጥ ትጣሪያለሽ። ጠይቀንሽ የለም እንዴ የኔ ልጅ አልኳት፤ በሚቀጥለው ወር እንመጣለን፣ ያኔ ታጫውቺኛለሽ ብዬ እጇን ከቀሚሴ አስለቀቅሁ። ይህን ለአንቺ አልነገርኩም፣ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ደብተሩ ላይም የለም። አንቺ ቀኙን ቆረጥሽ ብዬ ስንት ቃል አባከንኩ፤ እኔ ከሁሉ በፊት ቆርጬው ነበር።

ስታርሚው ይህንን ጨምሪበት። እኔ ያደረግሁትን፣ ከነስሜ። ሠልጣኞቹ ከልጅ አፍ የወጣውን ቃል እንዳለ ያንብቡት፤ የኔንም መልስ ያንብቡት።

ለልጆችሽ ደግ ዘመን ይስጥልኝ። ታላቋ ስትወልድ እቅፍሽ ይሙላ። እግዚአብሔር ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ልብሽንም አብሮ።

ያንድ ጠረጴዛ ተጋሪሽ የነበርኩት