ሮቦቱ እጅ ሲነሳ

ጥር 8፣ ቅዳሜ
የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ዛሬም እንደ ጉድ ይበርዳል። ሮቦቱን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኘው ያው የፈረደበት መልእክት መጣ። "አዲስ ስሪት አለ፤ ይታደስ?" እንደተለመደው "አይ" አልኩ።

እማዬ ረፋዱ ላይ መጥታ በሩ አጠገብ ያለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሮቦቱ ኳሶቹን ቅርጫት ውስጥ ከቶ፣ ትንሽ ወደኋላ ብሎ፣ ክንዱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት። ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ነው ለቀልድ እንዲህ ያደረገው። "ታላላቆችን ያክብር እንጂ!" ይል ነበር። ክንዱ መሃል ላይ ቆም ይላል። አስተካክለው ስለው "ወገቡን አሞት ነው" እያለ እማዬን ያስቃት ነበር።

ማሙሽ የነበረበት መኪና ከተገለበጠ አምስት ወር ሆነው። ሮቦቱ ግን እጅ መንሳቱን አልተወም።

"ተባረክ ማሙሽዬ" ብላው ሄደች። ከቤት የምትወጣው ለዚህ ብቻ ነው።

ጥር 13
ከሮቦት ውድድሩ አዘጋጆች ደብዳቤ መጣ። ሶፍትዌሩን ያላደሰ ቡድን አይወዳደርም። ኮምፒውተሩም፣ መቆጣጠሪያውም፣ ሮቦቱም አንድ ዓይነት ስሪት መያዝ አለባቸው።

ሮቦቱ ሲታደስ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ይጠፋል። ከሱ ላይ መልሶ መገልበጥ ደግሞ አይቻልም። ዋናው ቅጂ ያለበት የወንድሜ ላፕቶፕ መኪናው ውስጥ ነበር... ምን ይሻለኛል?

ጥር 14
የቡድኑ ካፒቴን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ በሩን ዘጋች።

"ቲቸር፣ እሱን ሁላችንም እንወደው ነበር። ግን ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ለመወዳደር ነው።"

ተናደድኩባት። እውነቷን ስለሆነ ነው መሰለኝ የተናደድኩት።

ጥር 17
የማሙሽ መሳቢያ ውስጥ ፍላሽ አገኘሁ! ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ... "የመጨረሻ" ይላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጥር 18
አደስኩት።

ካፒቴኗ ከመጀመሬ በፊት "ፍላሹ ላይ ያለውን ከፍተው አይተውታል?" አለችኝ። አይቻለሁ አልኩ። ያየሁት የፋይሉን ስም ብቻ ነው።

አረንጓዴው መስመር ሞላ። ከዚያ የፍላሹን ከፈትነው። ኳስ ማንሳቱ አለ፤ መዞሩ አለ። እጅ መንሳቱ የለም። የድሮው ነው።

እንዴት ረሳሁት? እሱ ሁሉንም የመጨረሻ ነበር የሚለው። "የመጨረሻ"፣ "አሁን የመጨረሻ"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ"... ስንት ቀን ስቄበታለሁ በዚህ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጆቹ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

ጥር 20
ለእማዬ አልነገርኳትም። እራት ላይ ልጀምር ስል "ቅዳሜ ወፍራሙን ሹራብ ነው የምለብሰው፤ ክፍላችሁ ይበርዳል" አለች።

ጥር 21
ልጆቹ እጅ መንሳቱን ራሳቸው ጻፉት። ክንዱ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። ካፒቴኗ "ለእናትዎ ብለን ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህች ልጅ ተናድጄ ነበር... አፈርኩ።

ምናልባት እማዬ ልዩነቱን አታውቀውም? ካላወቀች ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ጥር 22፣ ቅዳሜ
ሹራቧን ለብሳ መጣች። ሮቦቱ ኳሶቹን ከተተ፣ ወደኋላ አለ፣ ክንዱን ምንም ሳያቆም እስከ ታች አወረደ። ልጆቹ እሷን እሷን ያያሉ።

"ወገቡ ዳነ እንዴ?" አለች።

ሮቦቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

"ይሄን ማን ሠራው?"

ካፒቴኗ እጇን አወጣች። እማዬ ተነስታ ግንባሯን ሳመቻት። "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ጎበዝ ነሽ።" ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተባረክ የተባለ ማሙሽ የለም ዛሬ።

ተከትያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "ልጆቹ ምን አጠፉ፣ አትቆጫቸው" አለችኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልላት... አልቻልኩም።

ጥር 29፣ ቅዳሜ
በዚህ ሳምንት የውድድሩን ፍተሻ አለፍን። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ።

ኮምፒውተሩ ዛሬ እንደገና "ይታደስ?" አለ። ሳላነበው "እሺ" አልኩ።

እማዬ አልመጣችም። ጠዋት ስወጣ ገና አልተነሳችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። "ተነሺ እንሂድ" ብላት "ምን ልሠራ?" አለች።

ልጆቹ ወንበሯ ላይ ቦርሳቸውን ቆልለውበታል። አንሱ አላልኳቸውም።